የቆዩ የክርስቲያናዊ መዝሙር ኖታዎችን የመለየት፣ የመግዛትና የማቆየት መመሪያ

የቆየ የመዝሙር ኖታ የሚሰበስብ ሰው ዋና ሥራ በእጁ ያለው ወረቀት የትኛው ኅትመት እንደሆነ መለየት ነው። አንድ መዝሙር በአንድ ምዕተ ዓመት ውስጥ በብዙ አሳታሚዎች፣ በብዙ ከተሞችና በብዙ ዓይነት ጥራዝ ሊወጣ ይችላል፤ ግጥሙና ዜማው ሳይለወጥ ከኅትመቶቹ አንዱ በጣት የሚቆጠር ቅጂ ብቻ የቀረለት፣ ሌላው ደግሞ አሮጌ መጻሕፍት በሚሸጡበት ቦታ ሁሉ የሚገኝ ይሆናል። ዕድሜ ብቻውን ወረቀትን ብርቅ አያደርገውም። አሜሪካዊው የወንጌል ዘማሪ አይራ ሳንኪ በ1873 በእንግሊዝ አገር ለስብከት ዘመቻ ያወጣው የመዝሙር ስብስብ በመጀመሪያ ጥቂት ገጾች ብቻ የነበሩት ቀጭን ጥራዝ ነበር፤ እንዲህ ያለው ቀጭን ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ስለሚያልቅ ለመቆየት ዕድሉ ትንሽ ነው። ያው ስብስብ በየጊዜው እያደገ 1,200 መዝሙሮች ሲይዝ የታተመው ወፍራም መጽሐፍ ግን ዛሬም በቀላሉ ይገኛል። ሁለቱ ተመሳሳይ ስም ስላላቸው ብቻ በአንድ ዋጋ የሚጠይቅ ሻጭም፣ የሚከፍል ገዢም አይጠፋም። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ይህን ዓይነቱን መምታታት ለማስቀረት የተዘጋጀ ነው፤ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፦ የሚሰበስቡትን ነገር በትክክል ይወስኑ

«የቆየ መዝሙር» ተብሎ የሚሸጠው ነገር ቢያንስ አራት ዓይነት ነው። ኖታ የታተመባቸው የመዝሙር መጻሕፍት አሉ፤ ግጥም ብቻ የያዙ መጻሕፍት አሉ፤ በተለይ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሰዎች በቤታቸው በፒያኖ እየታጀቡ እንዲዘምሯቸው በነጠላ የታተሙ፣ ጥቂት ገጾች ብቻ ያሏቸው ኖታዎች አሉ፤ በእጅ የተጻፉ፣ ብዙ ጊዜ በብራና ላይ የሰፈሩ ቅጠሎችም (ነጠላ ገጾችም) አሉ።

ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በሁለተኛው ዓይነት ላይ ነው፤ ምክንያቱም ቀደም ባሉት ዘመናት የመዝሙር መጽሐፍ ያለ ኖታ መታተሙ የተለመደ ነበር። በ1640 በማሳቹሴትስ፣ ካምብሪጅ የታተመው «ቤይ ሳልም ቡክ» የተባለው የመዝሙረ ዳዊት መጽሐፍ ዛሬ 11 ቅጂዎች ብቻ እንዳሉት የሚታወቅ ሲሆን፣ ከእነዚህ አንዱ በ2013 በኒው ዮርክ በተካሄደ ጨረታ ከ14 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል፤ ሆኖም በውስጡ አንድም ኖታ የለም። ዜማዎች የታከሉበት በ1698 በወጣው ዘጠነኛ እትም ነው። ስለዚህ የሚፈልጉት ኖታ ከሆነ፣ ሻጩ የላከልዎ ፎቶ የሽፋንና የርዕስ ገጽ ብቻ እንደሆነ የውስጥ ገጽ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ።

ከዚህም የሚበልጥ ቁም ነገር አለ። የአንድ መዝሙር ግጥምና ዜማ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን የተወለዱ አይደሉም። «አሜዚንግ ግሬስ» ግጥሙ በ1779 በእንግሊዝ አገር በወጣ የመዝሙር ስብስብ ውስጥ ያለ ኖታ ታተመ፤ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው «ኒው ብሪተን» የተባለው ዜማ ከግጥሙ ጋር የተገናኘው ግን ዊሊያም ዎከር በ1835 ባሳተመው «ሳውዘርን ሃርመኒ» ውስጥ ነው። በ1847 ያረፈው ሄንሪ ፍራንሲስ ላይት የጻፈው «አባይድ ዊዝ ሚ»ም «ኢቨንታይድ» የተባለውን የዊሊያም ሄንሪ መንክን ዜማ ያገኘው በ1861 በወጣ የመዝሙር መጽሐፍ ነው። ግጥሞቹ የሚጻፉት በተወሰነ የቀለም (የቃል ድምፅ ክፍል) ቁጥር ስለነበር፣ ለምሳሌ 8፣ 6፣ 8፣ 6 ቀለም ያላቸው ስንኞች በዚያው ልክ በተሠራ በማንኛውም ዜማ ሊዘመሩ ይችሉ ነበር፤ ዜማውም ከግጥሙ የተለየ የራሱ ስም ነበረው። በመሆኑም «የዚህ መዝሙር የመጀመሪያ ኅትመት» የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ የግጥሙ ነው፣ የዜማው ነው ወይስ የሁለቱ ጥምረት ብለው መጠየቅ ይኖርብዎታል። በእኔ አስተያየት ለኖታ ሰብሳቢ ከሁሉ የሚበልጠው ሦስተኛው ነው፤ ሰው ሲዘምረው የኖረው መዝሙር በወረቀት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታየው እዚያ ነውና። ፍለጋ ሲያደርጉም የግጥሙን የመጀመሪያ ስንኝና የዜማውን ስም ለየብቻ ይፈልጉ።

ሁለተኛ፦ መስክዎን ያጥብቡ

ሁሉንም የሚሰበስብ ሰው ምንም ለይቶ ሳያውቅ ገንዘቡን ይጨርሳል። አንድ ዜማ በተለያዩ ኅትመቶች፣ የአንድ አሳታሚ ቤት ሥራዎች፣ የአንድ ዘመን የኅትመት ዘዴ፣ ወይም የአንድ ማኅበረሰብ መዝሙሮች እያንዳንዳቸው ለብዙ ዓመታት የሚበቁ መስኮች ናቸው።

ቅርጽ ያላቸው ኖታዎች ለጀማሪ የሚመች መስክ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ዘዴው በ1801 በፊላዴልፊያ በወጣው የዊሊያም ሊትልና የዊሊያም ስሚዝ የመዝሙር ማስተማሪያ ታወቀ፤ ኖታ ማንበብ ያልተማሩ ዘማሪዎች ድምፁን ከቅርጹ እንዲለዩ ፋ በሦስት ማዕዘን፣ ሶል በክብ፣ ላ በአራት ማዕዘን፣ ሚ ደግሞ በአልማዝ ቅርጽ ይታተም ነበር። በ1846 ጄሲ አይከን ባወጣው መጽሐፍ ቅርጾቹ ሰባት ሆኑ። ስለዚህ አንድ ገጽ ከፍቶ ቅርጾቹን መቁጠር ብቻ መጽሐፉ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይነግራል። ባለ አራት ቅርጽ መሆን ግን በራሱ የዕድሜ ማስረጃ አይደለም፤ በ1844 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው «ሴክረድ ሃርፕ» እስከ ዛሬ በአራቱ ቅርጾች እየታተመ ይዘመርበታል።

የጥቁር አሜሪካውያን መንፈሳዊ መዝሙሮች ሌላው ትልቅ መስክ ናቸው። የፊስክ ዩኒቨርሲቲ ጁቢሊ ዘማሪዎች ጉዟቸውን በ1871 ጀምረው መዝሙሮቻቸው በ1872 በኒው ዮርክ በኖታ ታትመዋል። በነጠላ ወረቀት ኅትመት ለሚማረክ ሰው ደግሞ በጀርመንኛ «ሽቲለ ናኽት» የተባለው የገና መዝሙር ታሪክ አስተማሪ ነው። ግጥሙን ዮሴፍ ሞር በ1816፣ ዜማውን ፍራንትስ ክሳቨር ግሩበር በ1818 ደረሱት፤ በ1830ዎቹ መጀመሪያ በድሬስደን ሲታተም ግን የቲሮል ሕዝብ ዜማ ተብሎ ነው የወጣው። የደራሲው ስም አለመኖር አንዳንድ ጊዜ የቀዳሚነት ምልክት እንደሚሆን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሦስተኛ፦ የኅትመቱን ዘመን ከወረቀቱ ላይ ያንብቡ

ይህ የሥራው ልብ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። የሚያስፈልግዎ አሥር ጊዜ የሚያጎላ መነጽር፣ ከጎን የሚበራ መብራትና ንጹሕ ጠረጴዛ ነው።

በቅድሚያ የኅትመቱን ዘዴ ይለዩ። በተንቀሳቃሽ ፊደል የተሠራ ኖታ ከሆነ እያንዳንዱ የኖታ ፊደል የአምስቱን መስመሮች ቁራጭ ይዞ የተቀረጸ ነው፤ ስለዚህ መስመሮቹን በመነጽር ሲከተሉ ፊደል ከፊደል በሚገናኝበት ቦታ ሁሉ ፀጉር የምታህል ክፍተት ወይም ትንሽ የከፍታ ልዩነት ይታያል። በብረት ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ የታተመ ኖታ ግን መስመሮቹ ከዳር እስከ ዳር ያልተቋረጡ ናቸው፤ መብራቱን ከጎን ሲያበሩበት ቀለሙ ከወረቀቱ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ይታያል፣ በገጹም ዙሪያ ሰሌዳው ወረቀቱን የተጫነበት ጠርዝ እንደ ጥልቀት የሌለው ክፈፍ ይቀራል። አሎይስ ዜነፌልደር በ1790ዎቹ መጨረሻ የፈለሰፈው ሊቶግራፊ በድንጋይ ላይ የሚታተም በመሆኑ ገጹ ፍጹም ጠፍጣፋ ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ብዙ አታሚዎች በብረት የቀረጹትን ገጽ ወደ ድንጋይ እያሸጋገሩ ያትሙ ስለነበር፣ መስመሩ የተቀረጸ መስሎ የሰሌዳው ጠርዝ ግን የማይታይበት ኖታ ብዙ አለ። በመነጽር ሲያዩት ግራጫው ወይም ቀለማሙ ክፍል ሥርዓት ባላቸው ጥቃቅን ነጥቦች የተሞላ ከሆነ ደግሞ በፎቶ ዘዴ የታተመ ነው፤ ከ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በፊት የሆነ ሊሆን አይችልም፣ ሽፋኑ የፈለገውን ዓመት ቢናገርም።

ቀጥሎ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ያንሡት። በተራራቁ ቋሚ መስመሮችና በተቀራረቡ ቀጭን መስመሮች የተጠላለፈ ወረቀት ብዙ ጊዜ የቀደመው ዘመን የእጅ ሥራ ነው። እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ ወረቀት በአብዛኛው ከጨርቅ ይሠራ ስለነበር ዛሬም ለስላሳና ጠንካራ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ከእንጨት የሚሠራ ወረቀት በውስጡ ባለው አሲድ ቡናማ ይሆንና በእጥፉ ላይ ይሰበራል። የ1770 ኖታ ከ1890 ኖታ ይልቅ ነጭ ሆኖ መገኘቱ አያስደንቅም። በብሪታንያ ከ1794 በኋላ በተሠሩ ብዙ ወረቀቶች ውስጥ ዓመተ ምሕረቱ በውሃ ምልክቱ ላይ ይነበባል፤ ኖታው ከዚያ ዓመት በፊት እንዳልታተመ ይህ ብቻ ይበቃል።

ከዚያም የታተመውን ጽሑፍ በሙሉ ያንብቡ። በአሜሪካ ኖታዎች ላይ በመጀመሪያው ገጽ ግርጌ የደራሲ መብት ምዝገባ መስመር ይገኛል፤ የምዝገባው ቦታ የአውራጃ ፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት ከሆነ ምዝገባው በ1870 ሕጉ ከመሻሻሉ በፊት የተደረገ ነው፣ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ከተጠቀሰ ከዚያ ወዲህ ነው። ይህ ዓመት ግን የሚነግርዎ የምዝገባውን ጊዜ ነው፤ አታሚው ያንኑ ሰሌዳ ለሠላሳ ዓመት ሲጠቀምበት መስመሩን ሳይለውጥ ይተወዋል። ከገጹ ሥር ያለው የሰሌዳ ቁጥርም (አሳታሚው ለሰሌዳው የሰጠው መለያ) እንደዚሁ ነው፤ ሰሌዳው የተቀረጸበትን ጊዜ ለመገመት ይረዳል፣ ወረቀቱ የታተመበትን ጊዜ ግን አያረጋግጥም። ከእነዚህ ይልቅ ታማኝ ምስክር ሆኖ ያገኘሁት የአሳታሚው አድራሻ ነው። አሳታሚዎች ቤት ይቀይራሉ፣ ይጣመራሉ፣ ስማቸውን ያሻሽላሉ፤ ይህንንም በርዕስ ገጹ ላይ ያድሳሉ። የለንደን አድራሻ ከአቅጣጫ ፊደሉ (ለምሳሌ W ወይም EC) ቀጥሎ ቁጥር ካለበት፣ ቁጥሩ በሥራ ላይ የዋለው በ1917 በመሆኑ ኖታው ከዚያ በኋላ የታተመ ነው። በጀርባ ሽፋኑ ላይ ያለው ማስታወቂያም ይጠቅማል፤ በ1892 የወጣ ሌላ መዝሙር የሚያስተዋውቅ ወረቀት በ1875 ሊታተም አይችልም። ደንቡ አንድ ነው፦ በወረቀቱ ላይ ከተገኙት ማስረጃዎች ሁሉ ወሳኙ የኋለኛውን ዘመን የሚያሳየው ነው።

የርዕስ ገጽ ራሱ የማይታመንበት ጊዜም አለ። በ1524 የወጣው ስምንት መዝሙሮች የያዘው የመጀመሪያው የሉተራውያን የመዝሙር መጽሐፍ በርዕሱ ላይ ዊተንበርግ ይላል፤ የታተመው ግን በኑረምበርግ ነው።

አራተኛ፦ ሙሉነቱንና ጉዳቱን ይመርምሩ

ገጾቹን አንድ በአንድ ይቁጠሩ፤ መጨረሻ ላይ ያለውን የስንኝና የዜማ ማውጫ አይርሱ፣ ከመዝሙር መጻሕፍት ቀድሞ የሚቀደደው እሱ ነውና። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሰዎች ነጠላ ኖታዎቻቸውን ሰብስበው በቆዳ ያስጠርዙ ነበር፤ ዛሬ በገበያ ላይ ያሉ ብዙ ነጠላ ኖታዎች ከእንዲህ ያለ ጥራዝ የተነቀሉ ናቸው። ምልክቱ በግራ ጠርዝ ላይ የሚታየው የመርፌ ቀዳዳና የደረቀ ማጣበቂያ ነው። ጠራዡ ዳሩን ሲያስተካክል የሰሌዳ ቁጥሩን ወይም የመብት መስመሩን ቆርጦት እንደሆነ ይመልከቱ፤ እነዚህ ከሌሉ ዘመኑን የሚያውቁበት ግማሽ ማስረጃ ጠፍቷል።

ዘማሪው በእርሳስ የጻፈውን የትንፋሽ ምልክት፣ የተሰረዘ ስንኝ ወይም የባለቤት ስም እንደ ጉድፍ አይቁጠሩት፤ ፈጽሞም አያጥፉት። ኖታው እንዴት ይዘመር እንደነበር የሚነግረን እሱ ብቻ ነው። ቡናማ ነጠብጣብ የተለመደና በአብዛኛው የሚታገሡት ጉዳት ነው። በማጣበቂያ ፕላስተር የተጠገነ ገጽ ግን ሙጫው ወደ ወረቀቱ ስለሚሰርግ ከባድ ጉዳት ነው፤ የሻጋታ ሽታ ያለውን ደግሞ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ከሌላው ስብስብዎ ጋር አያስገቡት።

አምስተኛ፦ ከታወቁ ቅጂዎች ጋር ያስተያዩ

የዓለም አቀፉ የሙዚቃ ምንጮች መዝገብ፣ በምኅጻሩ ሪዝም፣ ከ1952 ጀምሮ በቤተ መጻሕፍት የሚገኙ የቆዩ የሙዚቃ ኅትመቶችንና የእጅ ጽሑፎችን ሲመዘግብ ቆይቷል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትና የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ዝርዝሮች በኢንተርኔት ይፈለጋሉ፤ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ያለው የሌስተር ሌቪ ስብስብ ደግሞ ከ29,000 በላይ ነጠላ ኖታዎች አሉት። ኢምስልፕ በተባለው ድረ ገጽ የብዙ ኅትመቶች ሙሉ ምስል ይገኛል።

ምስሉን ካገኙ በኋላ ርዕሱ ተመሳሳይ ነው ብለው አይርኩ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው አንድ ገጽ ይምረጡና የእያንዳንዱን ኖታ አቀማመጥ፣ የቃላት አከፋፈል፣ የዋጋ ምልክት ያስተያዩ። የብረት ሰሌዳ በብዛት ሲያገለግል ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ በገጹ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ሆኖ ይታተማል። በእርስዎ ቅጂ ላይ ስንጥቁ ኖሮ በቤተ መጻሕፍቱ ቅጂ ላይ ከሌለ የእርስዎ የታተመው ከዚያ በኋላ ነው። በዝርዝሮቹ ውስጥ አለመገኘቱም ብቻውን የብርቅነት ማረጋገጫ አይሆንም፤ ብዙ ቤተ መጻሕፍት ነጠላ ኖታዎቻቸውን ገና አልመዘገቡም።

ስድስተኛ፦ በጥያቄ ይግዙ

ለሻጩ በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ስንት ገጽ አለው፣ የጎደለ አለ ወይ፣ ከየት አገኙት፣ የቤተ መጻሕፍት ማኅተም አለበት ወይ። ማኅተም ካለበት ቤተ መጻሕፍቱ በፈቃዱ ያስወገደው መሆኑን የሚያሳይ ሌላ ማኅተም ወይም ደብዳቤ ሊኖር ይገባል፤ ከሌለ ከመክፈልዎ በፊት ቤተ መጻሕፍቱን ይጠይቁ። የቆዩ ዕቃዎች ከአገር እንዳይወጡ የሚከለክል ወይም ፈቃድ የሚጠይቅ ሕግ በብዙ አገሮች ስላለ፣ ከውጭ ሲገዙ ይህን አስቀድመው ያጣሩ።

በብራና ላይ የተጻፉ ነጠላ ቅጠሎችን በተመለከተ አቋሜን በግልጽ ልናገር። በቀይ መስመሮች ላይ በአራት ማዕዘን ኖታ የተጻፉ ትላልቅ ቅጠሎች በብዛት ይሸጣሉ፤ እነዚህ ዘማሪዎች በአንድነት ቆመው ያነቧቸው ከነበሩ ትላልቅ መጻሕፍት የተቆረጡ ናቸው። ከረጅም ጊዜ በፊት የተለየን ቅጠል መግዛትና መጠበቅ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ገና ያልተበተነን መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል እየቆረጠ ከሚሸጥ ሰው አይግዙ። ገዢ በተገኘ ቁጥር ሌላ መጽሐፍ ይበተናል፣ የመዝሙሮቹም ቅደም ተከተል ዳግም አይመለስም። በግለሰቦች ለተጠረዙት የኖታ ጥራዞችም ያው ነው፤ በውስጡ ያለ አንድ ብርቅ ኖታ ለማውጣት ተብሎ ሙሉ ጥራዝ አይፈታም።

ሰባተኛ፦ ማቆየት

ወረቀት የሚጠላው የሙቀትና የእርጥበት መለዋወጥን ነው። ከ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ ሙቀትና ከ35 እስከ 50 በመቶ በሆነ የአየር እርጥበት፣ ከፀሐይ ብርሃን ርቆ፣ ከወለልና ከውጭ ግድግዳ ተለይቶ ይቀመጥ። ነጠላ ኖታዎችን ከአሲድ ነፃ በሆነ አቃፊ ወይም በፖሊስተር ከረጢት ውስጥ አድርገው በሣጥን ውስጥ አግድም ያስተኙ፤ ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ ወረቀቱን ስለሚጎዳ አይጠቀሙበት። ፕላስተር፣ ላስቲክ፣ የብረት መያዣና ላሚኔሽን (በፕላስቲክ ማሸግ) ፈጽሞ የተከለከሉ ናቸው። ወረቀት ሲነኩ ጓንት አያስፈልግም፤ ታጥቦ የደረቀ እጅ ቀዳዱን ቀድሞ ይሰማዋልና የተሻለ ነው። የተቀደደ ገጽ የሚጠገነው በቀጭን የጃፓን ወረቀትና በስንዴ ስታርች ሙጫ ነው፤ ዋጋ ባለው ኖታ ላይ ይህን ለባለሙያ ይተዉት።

ስምንተኛ፦ መዝግቡት፣ ቅጂም ያንሡለት

ለእያንዳንዱ ኖታ ተራ ቁጥር ይስጡና በለስላሳ እርሳስ በጀርባው ጥግ ላይ ይጻፉት። በመዝገብዎ ውስጥ የግጥሙ የመጀመሪያ ስንኝ፣ የዜማው ስም፣ የሁለቱም ደራሲዎች፣ አሳታሚው ከነአድራሻው፣ የሰሌዳ ቁጥሩ፣ የገጹ ብዛትና ልክ፣ ከማን እንደተገዛና ዘመኑን የገመቱበት ማስረጃ ይስፈር። የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል፤ «ወደ 1860 ገደማ» ብሎ ብቻ መጻፍ ለሚቀጥለው አንባቢ ምንም አይፈይድም፣ «ወደ 1860 ገደማ፣ በአሳታሚው አድራሻና በጀርባው ማስታወቂያ መሠረት» ብሎ መጻፍ ግን ሌላው ሰው ግምቱን ፈትሾ እንዲያርመው ያስችለዋል። እያንዳንዱን ገጽ፣ ባዶውን ጭምር፣ ፎቶ አንሥተው በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ያስቀምጡ።

ቅጂውን ለሌሎች ከማካፈልዎ በፊት የደራሲ መብቱን ያረጋግጡ፤ ወረቀቱ የእርስዎ መሆኑ መዝሙሩን የእርስዎ አያደርገውም። በብዙ አገሮች መብቱ ደራሲው ካረፈ 70 ዓመት እስኪሞላ ይቆያል፤ በአሜሪካ ደግሞ ቀደም ሲል የታተሙ ሥራዎች ከታተሙ ከ95 ዓመት በኋላ ነፃ ይሆናሉ። ዜማው የቆየ ሆኖ የአራቱ ድምፆች አደራደር የቅርብ ጊዜ ሥራ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱን ለየብቻ ይመልከቱ። ስብስቡ ከእርስዎ በኋላ ለማን እንደሚተላለፍም በዚያው መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፉና ተረካቢው ቤተ መጻሕፍት ወይም ሰው መቀበሉን አስቀድሞ በደብዳቤ እንዲያረጋግጥልዎ ያድርጉ።